ኒኮላ ስፖልዲን እና የመልቲፌሮይክ ቁሶች ምርምር

ኒኮላ ስፖልዲን ዙሪክ በሚገኘው የስዊዘርላንድ ፌዴራላዊ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭር ስሙ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ፣ የቁስ ንድፈ ሐሳብ ፕሮፌሰር ናቸው። ስማቸው በአብዛኛው የሚነሣው መልቲፌሮይክ ከሚባሉት ቁሶች ጋር ነው። መልቲፌሮይኮች መግነጢሳዊ ሥርዓትንና ኤሌክትሪካዊ ሥርዓትን በአንድ አካል አጣምረው የያዙ ክሪስታሎች ናቸው። ዘርፉ ዛሬ በብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት ሰፊ የፊዚክስ መስክ ሆኗል፤ በ1990ዎቹ ግን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካንቀላፋበት ከቀሰቀሱት ሥራዎች ዋነኛው ስፖልዲን በ2000 ያሳተሙት አንድ ጥናት ሲሆን ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፦ መግነጢሳዊ የሆኑ ፌሮኤሌክትሪኮች ለምን ይህን ያህል ጥቂት ሆኑ? (ፌሮኤሌክትሪክ የሚባለው ከውጭ በሚጫን የኤሌክትሪክ መስክ የሚገለበጥ ኤሌክትሪካዊ ዋልታ ያለው ቁስ ነው።) የእኚህ ሴት የምርምር ሕይወትና የዘርፉ ታሪክ እርስ በርስ የተጠላለፉ ስለሆኑ አንዱን ያለ ሌላው መተረክ አይቻልም።

የሳጥኑ ቅርጽ

ነገሩ የሚጀምረው ከድንጋይ ነው። በ1839 ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ጉስታፍ ሮዘ ከሩሲያ ኡራል ተራሮች የመጣ ማዕድን መርምሮ ሌቭ ፔሮቭስኪ በተባለ ሩሲያዊ ባለሥልጣንና ማዕድን ሰብሳቢ ስም ፔሮቭስካይት ብሎ ሰየመው። ማዕድኑ ከካልሲየም፣ ከቲታኒየምና ከኦክሲጅን የተሠራ ውሁድ ነው። ስሙ ግን በዚያ ድንጋይ ላይ አልቀረም፤ ተመሳሳይ የአተም አደራደር ያላቸው ቁሶች ሁሉ የቤተሰብ ስም ሆነ።

አደራደሩን ለመረዳት ጎኖቹ እኩል የሆኑ አንድ ሳጥን ማሰብ ይበቃል። በስምንቱ ማዕዘኖች ላይ ትልልቅ አተሞች፣ በስድስቱ ገጾች መካከል ኦክሲጅኖች፣ በሳጥኑ እምብርት ደግሞ አንድ አነስ ያለ የብረታ ብረት አተም ይቀመጣል። ይህ ሳጥን በሁሉም አቅጣጫ እየተደጋገመ ክሪስታሉን ይሠራል። የሚያስደንቀው የሳጥኑ ቻይነት ነው። የማዕዘኑን ወይም የእምብርቱን አተም በሌላ ቢተኩት አይፈርስም፤ ትንሽ ይጣመማል፣ ትንሽ ይዘማል እንጂ። ጠባዩ ግን ከሥሩ ይለወጣል። ማዕዘኑ ላይ ባሪየም፣ እምብርቱ ላይ ቲታኒየም ሲሆን በየስልካችን ውስጥ ላሉት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች የሚያገለግለው ባሪየም ቲታኔት ይገኛል። ላንታነምና ማንጋኒዝ ያሉባቸው ዘመዶቹ መግነጢስ ይሆናሉ። ከኦክሲጅን ይልቅ አዮዲን ወይም ብሮሚን የያዙት ደግሞ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ፤ በ2009 በጃፓን ሲሞከሩ 3.8 በመቶ የነበረው ብቃታቸው ዛሬ ከ25 በመቶ አልፏል። ከእግራችን በታች በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ያለው የምድር ውስጠኛ ክፍልም በአብዛኛው የተሠራው ይህንኑ አደራደር በሚከተል ማዕድን ነው። በምድር ላይ ከእሱ የበዛ ማዕድን የለም።

ፌሮኤሌክትሪክነት የሚመጣው ከእምብርቱ አተም ነው። የባሪየም ቲታኔት ሙቀት ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን ቲታኒየሙ በትክክል መሐል ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ግን ከመሐል ፈቀቅ ይላል። ቲታኒየሙ አዎንታዊ፣ ኦክሲጅኖቹ አሉታዊ ሙል ስላላቸው ይህች ትንሽ ፈቀቅታ ሳጥኑን ኤሌክትሪካዊ ዋልታ ታሲዘዋለች። በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሳጥኖች ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉ ክሪስታሉ በሙሉ ዋልታ ይኖረዋል፤ ከውጭ የኤሌክትሪክ መስክ ሲጫንበትም ዋልታው ይገለበጣል። አንድ ነገር ላይ አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባል፦ «ፌሮ» በላቲን ብረት ማለት ቢሆንም ፌሮኤሌክትሪክ ለመሆን ብረት አያስፈልግም። ስሙ የተሰጠው ክስተቱ ብረት መግነጢስ ከሚሆንበት ሁኔታ ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ ነው።

መግነጢስነት ከሌላ ምንጭ ይቀዳል። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል ጠባይ ስላለው እንደ አንዲት ኢምንት መግነጢስ ነው። ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ምኅዋራቸውን ሲሞሉ የጥንዶቹ መግነጢስነት ይጣፋል። ምኅዋሩ በከፊል ብቻ ከተሞላ ግን፣ ለምሳሌ በብረት፣ በማንጋኒዝና በኮባልት አተሞች ውስጥ እንደሚታየው፣ ሳይጣፋ የቀረው ተጠራቅሞ ቁሱን መግነጢስ ያደርገዋል።

ከኩሪ እስከ ሽሚድ

ሁለቱ ጠባዮች በአንድ ክሪስታል ሊገናኙ እንደሚችሉ መጠርጠር የጀመረው ፈረንሳዊው ፒየር ኩሪ ነው። በ1894 የክሪስታሎችን ቅርጽ መሠረት አድርጎ፣ የኤሌክትሪክ መስክ መግነጢስነትን፣ የመግነጢስ መስክም ኤሌክትሪካዊ ዋልታን ሊቀሰቅስ እንደሚችል ጻፈ። ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ማረጋገጫ አልተገኘለትም። በ1959 በሶቪየት ኅብረት ጃሎሺንስኪ ክሮሚየም ኦክሳይድ ይህን ጠባይ ሊያሳይ እንደሚገባ በንድፈ ሐሳብ አመለከተ፤ በሚቀጥለው ዓመት አስትሮቭ በሙከራ ለካው። በ1966 ደግሞ በጄኔቭ የነበሩ ተመራማሪዎች ኒኬል፣ ቦሮንና አዮዲን ባሉበት አንድ ክሪስታል ላይ መግነጢስነቱና ኤሌክትሪካዊ ዋልታው ተያይዘው ሲዞሩ ተመለከቱ። ሌኒንግራድ ውስጥም የስሞሌንስኪ ቡድን ልዩ ልዩ አተሞችን በፔሮቭስካይት ሳጥን ውስጥ እየቀላቀለ ብዙ ሙከራ አድርጓል።

ሥራው ግን ተዳከመ። የተገኙት ቁሶች ጥቂት ነበሩ፤ የሚያሳዩት ውጤት ደካማ ነበር፤ ብዙዎቹም የሚሠሩት በኃይለኛ ብርድ ብቻ ነበር። ከጄኔቭ ተመራማሪዎች አንዱ የነበሩት ሃንስ ሽሚድ መስኩን ሳይተዉ ቆይተው በ1994 «መልቲፌሮይክ» የሚለውን ስያሜ አወጡለት። ስሙ ሲወጣለት ግን በዘርፉ የሚሠሩት ጥቂቶች ነበሩ።

ከሰንደርላንድ እስከ ሳንታ ባርባራ

ስፖልዲን የተወለዱት በ1969 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በመርከብ ሥራና በድንጋይ ከሰል በምትታወቀው በሰንደርላንድ ከተማ ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ተምረው በ1991 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም አትላንቲክን ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በ1996 ያጠናቀቁት ዶክትሬት በኬሚስትሪ ሲሆን በቢርጊታ ዌሊ አማካሪነት የሠሩት ምርምርም ስለ ሰሚኮንዳክተር ጥቃቅን ቅንጣቶች የኤሌክትሮን አወቃቀር ነበር። መግነጢስም ፌሮኤሌክትሪክም በዚህ ሥራ ውስጥ አልነበሩም።

አቅጣጫቸው የተለወጠው በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ከካሪን ራቤ ጋር ለአጭር ጊዜ ሠሩ። ራቤ በፌሮኤሌክትሪኮች ንድፈ ሐሳብ የታወቁ የፊዚክስ ባለሙያ ናቸው። ስፖልዲን በበኩላቸው ትኩረታቸውን ወደ መግነጢሳዊ ማንጋኒዝ ኦክሳይዶች አዙረው ነበር። አንዱ ወገን የሚያጠናቸው ፔሮቭስካይቶች ዋልታ አላቸው፤ ሌላው የሚያጠናቸው ፔሮቭስካይቶች መግነጢስ ናቸው፤ ሳጥኑ ግን ያው አንድ ሳጥን ነው። እንዲህ ካሉ ጎረቤታሞች መካከል ሁለቱን ጠባይ የያዘ ለምን ይጠፋል? ሁለት የተለያዩ ሙያዎች በአንድ ኮሪደር ባይገናኙ ኖሮ ጥያቄው እንዲህ ጠርቶ ይወጣ ነበር ብዬ አላምንም።

በ1997 ስፖልዲን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ በቁስ ሳይንስና ምሕንድስና ክፍል መምህር ሆኑ። በኬሚስትሪ ተመርቀው፣ ፊዚክስ ዘንድ ሰንብተው፣ ምሕንድስና ውስጥ ተቀጠሩ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ለሥራቸው ተስማሚ ቦታ ነበር። የዘርፉ ስሌቶች ሁሉ የቆሙበትን ስልት በ1960ዎቹ ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ዋልተር ኮን እዚያው ይሠሩ ነበር፤ በ1998ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ስልቱ በአንድ ቁስ ውስጥ ያሉትን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ ከመከታተል ይልቅ የት ቦታ ምን ያህል እንደሚጠራቀሙ ብቻ በማስላት የቁሱን ጠባይ እንድናውቅ ያስችላል። በዚህ ስልት በመጠቀም ማንም ሠርቶት የማያውቀውን ክሪስታል በኮምፒውተር ላይ ሠርቶ፣ መግነጢስ ይሁን አይሁን፣ ዋልታ ይኑረው አይኑረው አስቀድሞ መመርመር ይቻላል።

የዚያን ዘመን ሥራዎቻቸውን በቤተ መጻሕፍት የሚፈልግ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ቀደም ያሉት ጽሑፎች፣ ታዋቂው የ2000 ጥናት ጭምር፣ የወጡት ኒኮላ ሂል በሚለው ስም ነው።

የጠቡ መንስኤ

የ2000ው ጥናት ያሳየው መሠረታዊ ነገር እንዲህ ነው። በባሪየም ቲታኔት ውስጥ ቲታኒየሙ አራት ኤሌክትሮኖቹን ለኦክሲጅኖቹ አስረክቧል፤ «ዲ» የሚባለው ምኅዋሩ ባዶ ነው። ይህ ባዶ ቦታ ከኦክሲጅኖቹ ትንሽ የኤሌክትሮን ድርሻ መልሶ ለመቀበል ይመቻል። ቲታኒየሙ ወደ አንዱ ኦክሲጅን ጠጋ ሲል ትስስሩ ይጠብቃል፤ ከመሐል ፈቀቅ እንዲል የሚገፋፋውም ይህ ነው። መግነጢስ ለመሆን ግን ያው የ«ዲ» ምኅዋር በከፊል መሞላት አለበት። ኤሌክትሮን ከገባበት ፈቀቅ የማለቱ ጥቅም ይቀንሳል፤ አተሙም መሐል ላይ መቀመጥን ይመርጣል። ስለዚህ በተለመደው ፔሮቭስካይት ውስጥ አንዱ ጠባይ የሚፈልገውን ሌላው ያባርረዋል።

የዚህ ማብራሪያ ዋጋ «አይቻልም» አለማለቱ ነው። የተፈጥሮ ሕግ ሁለቱን ጠባዮች አይከለክልም፤ የሚጣሉት አንዱን አተም ለሁለት ሥራ ስንመድበው ነው። ጠቡ የት ላይ እንዳለ ከታወቀ መውጫውም ይታያል፦ ሥራውን ለሁለት አተሞች ማከፋፈል። እምብርቱ ላይ መግነጢስ የሚሆን አተም ይቀመጥ፤ ዋልታውን ደግሞ የማዕዘኑ አተም ይሥራ። ለማዕዘኑ የተመረጠው ቢስሙት ነው። ቢስሙት ከማንም ጋር ያልተሳሰሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ስላሉት እነዚህ ወደ አንድ ጎን ተገፍተው መቀመጥ ይወዳሉ፤ አተሙንም ከቦታው ይገፉታል። ስፖልዲንና ራቤ በ1999 ቢስሙትና ማንጋኒዝ ባሉበት ፔሮቭስካይት ላይ ስሌት አድርገው መንገዱን አሳይተው ነበር። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው፦ አንድ ነገር ለምን እንደሌለ በትዕግሥት መመርመር እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አበቃ።

ቢስሙት ፌራይት

ንድፈ ሐሳቡን በእጅ ወደሚያዝ ቁስ ለመለወጥ ሙከራ የሚሠራ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሕንድ ተወልደው ያኔ በአሜሪካ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ራማሙርቲ ራሜሽ፣ የኦክሳይድ ስስ ንጣፎችን በመሥራት የታወቁ ናቸው። ሥራው የሌዘር ጨረርን በአንድ የቁስ ጡብ ላይ በተከታታይ በመምታት አተሞቹን አትንኖ በሌላ ክሪስታል ላይ ንጣፍ በንጣፍ ማሳረፍ ነው። ንጣፉ የሚያርፍበት ክሪስታል የአተሞች ርቀት ትንሽ ስለሚለይ አዲሱ ንጣፍ ይጨመቃል ወይም ይለጠጣል።

በዚህ መንገድ የተሠራው ቁስ ቢስሙት ፌራይት ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ቢስሙት፣ እምብርቱ ላይ ብረት ያለበት ፔሮቭስካይት። ቁሱ ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቢታወቅም ደካማ ፌሮኤሌክትሪክ ነው ተብሎ ተትቶ ነበር። በ2003 የራሜሽ ቡድን ከስፖልዲንና ከሌሎች ጋር ያወጣው ጽሑፍ የስሱ ንጣፍ ዋልታ ቀድሞ ከተለካው ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳወቀ። ከዚህ ይበልጥ ተመራማሪዎችን የሳበው የሙቀቱ ጉዳይ ነው። የቢስሙት ፌራይት መግነጢሳዊ ሥርዓት እስከ 370 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ኤሌክትሪካዊ ሥርዓቱ ደግሞ እስከ 830 ዲግሪ ገደማ ይጸናል። እንግዲህ ቁሱ በተራ ክፍል ውስጥ፣ ያለ አንዳች ማቀዝቀዣ ሁለቱንም ጠባዮች ይዞ ይገኛል ማለት ነው።

ጽሑፉ ያለ ክርክር አልታለፈም። ከዋልታው ጋር የተዘገበው ጠንካራ መግነጢስነት በሌሎች ቡድኖች ናሙናዎች ላይ ሳይታይ ቀረ፤ በመጽሔት ገጾች ላይም ምልልስ ተደረገ። በ2005 ስፖልዲንና የሥራ ባልደረባቸው ክላውድ ኤደረር ያወጡት ስሌት ነገሩን አጠራው። በቢስሙት ፌራይት ውስጥ ጎረቤታም የብረት አተሞች መግነጢስነታቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚቆም እርስ በርስ ይጣፋል፤ የሚተርፈው ትንሽ በማዘንበላቸው የሚገኝ ደካማ መግነጢስነት ብቻ ነው። በትልቅ ክሪስታል ውስጥ ይህም ትርፍ 62 ናኖሜትር ርዝመት ባለው ጠመዝማዛ ሥርዓት ይደመሰሳል። ዋልታውን በሚመለከት ግን ሌላ የስሌት ሥራቸው ሙከራው ትክክል መሆኑን፣ የቁሱ እውነተኛ ዋልታ እንዲያውም ከመጀመሪያው ልኬት የላቀ መሆኑን አረጋገጠ። የአንድ ቡድን ሰዎች የራሳቸውን ታዋቂ ጽሑፍ አንዱን ክፍል አጽንተው ሌላውን ማረማቸው በሳይንስ ዘንድ ሊከበር የሚገባው ነው።

2003 ለዘርፉ የተለየ ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ ቴርቢየም ማንጋኔት የተባለ ሌላ ፔሮቭስካይት ከ28 ኬልቪን በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 245 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ የመግነጢሱ መጠማዘዝ ራሱ ዋልታ ሲፈጥር ታየ። በ2004 ስፖልዲንና የኔዘርላንድ ባልደረቦቻቸው ኢትሪየም ማንጋኔት ዋልታውን የሚያገኘው ከኬሚካዊ ትስስር ሳይሆን ከቅርጽ ብቻ መሆኑን አሳዩ፦ በማንጋኒዝ ዙሪያ ያሉት የኦክሲጅን ቤቶች ሲያዘነብሉ ኢትሪየሞቹን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፏቸዋል። ሥራን ለሁለት አተሞች ማከፋፈል አንዱ መንገድ ብቻ እንደነበር አሁን ግልጽ ሆነ።

ይህ ሁሉ ጥረት ለምን? አንድ ትልቅ ምክንያት የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ ነው። መረጃን በመግነጢስ ላይ ለመጻፍ የኤሌክትሪክ ጅረት መሄድ አለበት፤ ጅረት ደግሞ ሙቀት ያባክናል። በኤሌክትሪክ መስክ ብቻ፣ ያለ ጅረት፣ መግነጢስን መገልበጥ ቢቻል የሚባክነው ጉልበት እጅግ ይቀንሳል። በ2006 የቢስሙት ፌራይትን መግነጢሳዊ ጎራዎች፣ ማለትም የመግነጢሶቹ አሰላለፍ አንድ ዓይነት የሆነባቸውን የክሪስታሉን ክፍሎች፣ በኤሌክትሪክ መስክ መለወጥ ተቻለ። በ2014 ደግሞ የራሜሽና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ቡድን በቢስሙት ፌራይት ላይ የተነጠፈን የኮባልትና የብረት ቅይጥ መግነጢስነት በክፍል ሙቀት በቮልቴጅ ገለበጠ። የኢንቴል ተመራማሪዎችም ይህንኑ ቁስ መሠረት ያደረገ አዲስ ዓይነት የማስሊያ አካል ሐሳብ አቅርበዋል። ሆኖም ቢስሙት ፌራይት ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ ደጋግመው ሲገለብጡትም ይደክማል። በክፍል ሙቀት ጠንካራ መግነጢስም ጠንካራ ፌሮኤሌክትሪክም የሆነ፣ በቀላሉ የሚመረት ቁስ እስካሁን በእጅ አልገባም።

ዙሪክ

በ2010 መጨረሻ ስፖልዲን ከሳንታ ባርባራ ወደ ዙሪክ ተዛወሩ። ከተማዋ ለፔሮቭስካይት ባዳ አይደለችም። ከዙሪክ ወጣ ብላ በምትገኘው ሩሽሊኮን ባለው የአይ.ቢ.ኤም. ቤተ ሙከራ አሌክስ ሙለርና ጌኦርግ ቤድኖርትስ በ1986 የፔሮቭስካይት ዘመድ በሆነ የመዳብ ኦክሳይድ ውስጥ፣ ቀድሞ ከታወቁት ቁሶች ይልቅ ከፍ ባለ ሙቀት (ያም ቢሆን በኃይለኛ ብርድ) የሚጸና፣ ያለ እንቅፋት የሚፈስ ኤሌክትሪክ አገኙ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሙለር ከዚያ በፊት ለረጅም ዓመታት ስትሮንሺየም ቲታኔትን ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። በ2005 ከስፖልዲን ጋር ስለ ዘርፉ ትንሣኤ የጻፉት ማንፍሬድ ፊቢግም በኋላ በዚያው ተቋም የሥራ ጎረቤታቸው ሆነዋል።

በዚህ ወቅት የሠሯቸው ሥራዎች ከማህደረ ትውስታ ርቀው ሄደዋል፤ የእኔ ልብም የሚያዘነብለው ወደ እነዚህ ነው። ለምሳሌ ኤሌክትሮን ራሱ ኤሌክትሪካዊ ዋልታ እንዳለውና እንደሌለው ማወቅ የፊዚክስ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ቢኖረው በዓለም ላይ ቁስ ከፀረ ቁስ ለምን እንደበዛ ፍንጭ ይሰጣል። ስፖልዲንና ባልደረቦቻቸው ለዚህ ልኬት የሚስማማ ፔሮቭስካይት አስቀድመው በኮምፒውተር ነደፉ፦ ማዕዘኖቹን ዩሮፒየምና ባሪየም እኩል የሚጋሩበት፣ እምብርቱ ላይ ቲታኒየም ያለበት። ቁሱ ተሠርቶ በ2010 ጠባዩ እንደታሰበው ሆኖ ተገኘ፤ በዬል ዩኒቨርሲቲም ልኬት ተደረገበት። የተገኘው ገደብ በሌሎች ስልቶች ከተገኙት የጠበበ አልነበረም። ነገር ግን ለአንድ የፊዚክስ ጥያቄ ሲባል ያልነበረ ክሪስታል በሐሳብ ተነድፎ በእጅ መሠራቱ በራሱ ብርቅ ነው።

ሌላው ኢትሪየም ማንጋኔትን ከጽንፈ ዓለም ልደት ጋር ያገናኘው ሥራ ነው። ይህ ክሪስታል ከከፍተኛ ሙቀት ሲቀዘቅዝ ስድስት ዓይነት ጎራዎች በአንድ ነጥብ ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል ይሰባሰባሉ። የፊዚክስ ሊቁ ቶም ኪብል በ1976 ጽንፈ ዓለም ገና ትኩስ ሳለ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ያሉ ስንጥቆች ሊፈጠሩ እንደሚችሉ ጽፈው ነበር፤ ቮይቼክ ዙሬክ ደግሞ ሐሳቡን በቤተ ሙከራ መፈተን እንደሚቻል አመለከቱ። የስፖልዲን ቡድን በ2012 የእነዚህ አበቦች ብዛት ክሪስታሉ በቀዘቀዘበት ፍጥነት እንዴት እንደሚወሰን በስሌት አሳየ፤ ውጤቱም በሰፊ የፍጥነት ክልል ከኪብልና ከዙሬክ ሕግ ጋር ተስማማ። በእጅ መዳፍ ላይ በሚያርፍ ክሪስታል ስለ ጽንፈ ዓለም መጀመሪያ መጠየቅ ከዚህ ወዲያ ምን ያስመኛል?

ስለ ሽልማቶቹ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። በ2010 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የማግሮዲ ሽልማትን ከራሜሽና ከሳንግ ውክ ቾንግ ጋር ተካፈሉ፤ በ2015 750,000 ዩሮ የሚያስገኘውን የኮርበር የአውሮፓ ሳይንስ ሽልማት፣ በ2017 ሎሪያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን፣ በ2019 የስዊዘርላንድን የማርሴል ቤኑዋ ሽልማት አገኙ። በ2017 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነዋል። በ2022 ደግሞ የአውሮፓ ፊዚክስ ማኅበር ሽልማትን ከአኜስ ባርቴሌሚ፣ ከማኑዌል ቢብስና ከራሜሽ ጋር ተቀብለዋል።

ከእነዚህ ይበልጥ ስለ መምህርነታቸው መናገር እወዳለሁ። ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ ውስጥ «ወርቃማ ጉጉት» የሚባል የማስተማር ሽልማት አለ፤ የሚመርጡት ተማሪዎች ናቸው። ስፖልዲን ይህንን አግኝተዋል፤ የክፍሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት እንደገና ሲዋቀርም መሪ ሆነው ሠርተዋል። ስለ መግነጢሳዊ ቁሶች የጻፉት የመማሪያ መጽሐፍ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል። በአደባባይ ንግግሮቻቸው ዘመናት በቁስ ስም እየተጠሩ መምጣታቸውን ደጋግመው ያነሣሉ፦ የድንጋይ ዘመን፣ የነሐስ ዘመን፣ የብረት ዘመን፣ አሁን ደግሞ የሲሊኮን ዘመን፤ ከሲሊኮን ቀጥሎ ምን ይመጣል ብለውም አድማጮቻቸውን ይጠይቃሉ። ከሥራ ውጭ ክላርኔት ይጫወታሉ።

ፔሮቭስካይት እና አዲስ አበባ

የፔሮቭስካይት ምርምር ከኢትዮጵያ ጋር እውነተኛ ትስስር አለው። አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ የዚህ ቤተሰብ ቁሶች ከታወቁ ተመራማሪዎች አንዷ ናቸው። የሳቸው መንገድ ከስፖልዲን ይለያል፤ መግነጢስና ዋልታ ሳይሆን በሳጥኑ ውስጥ አተሞችና አዮኖች (ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸው አተሞች) እንዴት እንደሚጓዙ ነው የሚያጠኑት። በ2004 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳሉ ከዞንግፒንግ ሻዎ ጋር ያወጡት ጥናት ባሪየም፣ ስትሮንሺየም፣ ኮባልትና ብረት የተቀላቀሉበት ፔሮቭስካይት ለነዳጅ ሴል፣ ማለትም ነዳጅን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጥ መሣሪያ፣ ከቀድሞዎቹ በዝቅተኛ ሙቀት በብቃት እንደሚሠራ አሳየ። ሳጥኑ ብዙ የኦክሲጅን ቦታዎች ባዶ ሆነውበት እንኳ ሳይፈርስ መቆም ስለሚችል ኦክሲጅኖች ከባዶ ቦታ ወደ ባዶ ቦታ እየዘለሉ ያልፉበታል። ዛሬ በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ።

ፕሮፌሰር ሶስና ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑበት የአሜሪካና የአፍሪካ የጋራ የቁስ ሳይንስ ተቋም የመጀመሪያ ጉባኤውን ያካሄደው በታኅሣሥ 2012 በአዲስ አበባ ነበር፤ ከሁለቱ አህጉሮች የመጡ ወጣት ተመራማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ኃይል ቁሶች ተማሩ። ስፖልዲን የሚጠቀሙበትን የስሌት ስልት ለአፍሪካ ተመራማሪዎች የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤትም አለ። በ2010 በኬፕ ታውን ተጀምሮ በኤልዶሬት፣ በጆሃንስበርግና በአክራ ከተካሄደ በኋላ በ2018 ተራው የአዲስ አበባ ሆነ። ውድ የሌዘር መሣሪያ የሌለው ዩኒቨርሲቲም በዚህ ስልት መሳተፍ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ በነጻ የሚገኙ የስሌት ፕሮግራሞችና አጠቃቀሙን የሚያሳይ መምህር ነው። ሠልጣኞቹ ከሚጀምሩባቸው ልምምዶች አንዱም የአንድን ክሪስታል አተሞች ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ጉልበቱ መቀነሱንና መጨመሩን ማስላት ነው።